የግጭት ትንተናው ከአዳራሽ ይውጣ፣ ግዥ ክፍል ይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በግጭት ትንተናና ግጭትን ባገናዘበ አሠራር (ሥራችን ግጭትን እንዳያባብስ አስቀድሞ አስቦ መሥራት) ላይ የሚሰጡ ሥልጠናዎች እየበዙ መጥተዋል። የወረዳ ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሃይማኖት ተቋማት ሁሉ ያዘጋጃሉ፤ ዜናቸውም በጋዜጣችሁ በየጊዜው ይወጣል። ዜናው ስንት ሰው እንደሠለጠነ፣ ማን እንደከፈተውና ማን እንደዘጋው ይነግረናል። ከሥልጠናው በኋላ የትኛው ውሳኔ ተለወጠ የሚለውን ግን የሚጠይቅ የለም። ሥልጠናው ይቅር አንልም፤ ሥራችን ነው፣ ከልብ እናምንበታለን። የምንለው ትንተናው አዳራሽ ተጀምሮ አዳራሽ እያለቀ ነው። ግጭት የሚባባሰውም ሆነ የሚበርደው ግን የጉድጓድ ቦታ በሚመረጥበት፣ የተጠቃሚ ስም በሚመዘገብበት፣ መኪና በሚከራይበት፣ ጥበቃ በሚቀጠርበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከቃሉ እንጀምር፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በአማርኛ «ግጭት» ሲባል ሰው የሚታየው ዱላና ጥይት ነው፤ የመኪና አደጋንም «ግጭት» እንለዋለን። አሠልጣኙ «በወረዳችሁ ምን ግጭት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «እኛ ጋ ግጭት የለም፣ ሰላም ነው» ይባላል፤ አለቃው አጠገቡ ከተቀመጠ ደግሞ ሌላ መልስ አይጠበቅም። ሠልጣኙ አልዋሸም፤ ቃሉን የተረዳው ሁላችንም በምንረዳበት መንገድ ነው። በሙያው ቋንቋ ግን ግጭት ማለት ሁለት ወገኖች እርስ በርሱ የማይጣጣም ፍላጎት ይዘው መገኘታቸው ነው፤ ጥይቱ ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ቃላቱን በደረጃ ለመለየት መዋል አለበት፦ ቅሬታ፣ ኩርፊያ፣ አለመግባባት፣ ጠብ፣ ጥቃት። «ግጭት አለ ወይ?» ከማለት «ከዓምና ወዲህ ማን የማንን ገበያ መሄድ ተወ? ማን ከማን ጋር መጋባት አቆመ? የማን ልጆች በየትኛው መንገድ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ፈሩ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ኩርፊያ ገና ሳለ የሚሠራ ሥራ ብዙ ነው። አማርኛ የአፍ መፍቻቸው ባልሆነባቸው ወረዳዎች ደግሞ ሠልጣኞቹ እነዚህን ደረጃዎች በራሳቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ፣ በሲዳምኛ፣ ግድግዳ ላይ ጽፈው ይጀምሩ። በአስተርጓሚ የሚሰጥ ሥልጠና ሲሆን ሰዓቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ታውቆ ፕሮግራሙ ከወዲሁ ይሸራረፍ።

ቀጥሎ የሚመጣው የችግር ዛፍ ነው፦ ሥሩ መንስኤ፣ ግንዱ ዋናው ችግር፣ ቅርንጫፉ ውጤት። መሣሪያው መጥፎ አይደለም። ጉዳቱ ድህነት ሥር ነው ወይስ ቅርንጫፍ በሚል ክርክር ግማሽ ቀን መጥፋቱ ነው። ድህነት ሁለቱንም ነው፤ የትም ቢለጠፍ ነገ ጠዋት የሚሠራውን ሥራ አይለውጥም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዛፉ ላይ የሚሰቀሉት ቃላት ናቸው፦ «የመልካም አስተዳደር እጦት»፣ «ሥራ አጥነት»፣ «የግንዛቤ ማነስ»፣ «የሦስተኛ ወገን ሴራ»። እነዚህ በየትኛውም ወረዳ ዛፍ ላይ ቢሰቀሉ ይገጥማሉ። እኛ የምንመክረው ቀላል መፈተኛ አለ፦ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ሳይለወጥ ለጎረቤት ወረዳም የሚሠራ ከሆነ ይሰረዝ። «የመሬት ይገባኛል ጥያቄ» ይሰረዝ። «ከትምህርት ቤቱ በስተ ምሥራቅ ያለው የወል ግጦሽ ለወጣቶች ማኅበር ሲሰጥ፣ በበጋ እዚያ የሚያግዱት የማዶ ቀበሌ አባወራዎች አልተጠየቁም» ተብሎ ሲጻፍ ግን ማን ወሰነ፣ መቼ ወሰነ፣ ማን ተጎዳ የሚለው ታየ፤ የሚስተካከል ነገርም ተገኘ።

መንስኤዎቹን ሥር የሰደዱ፣ የቅርብና ቀስቃሽ ብሎ መለየት በየሥልጠናው አለ፤ ነገር ግን ቀስቃሹ ቀን እንዳለው ይዘነጋል። ቀስቃሽ ነገር በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት በ13 ወራት ተከፍሎ የዝናቡ ወቅት፣ የዘርና የአጨዳው ጊዜ፣ ግብር የሚሰበሰብበት ወር፣ የሴፍቲኔት ክፍያ ወራት፣ በዓላቱ፣ የፈተና ውጤት የሚወጣበት ሰሞን፣ የፕሮጀክቱ ምዝገባና እደላ ሁሉ ይሰፍርበት። ከዚያ የሚደራረቡትን ማየት ነው። የተጠቃሚ ምልመላው ውሃ በሚደርቅበት ወር ላይ ከወደቀ፣ ምልመላውን በሁለት ወር ማስቀደም ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። ከብዙዎቹ የግድግዳ ሥዕሎች ይልቅ ይህ አንድ ወረቀት የበለጠ ሥራ ሲሠራ እናያለን።

ማን ይሠልጥን የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ጥሪው የሚላከው ለሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ የአበል ተራው የደረሰ ሰው ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ መሐንዲስ፣ የግዥ ሠራተኛው፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ተጠቃሚ የሚመለምለው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከቀበሌ ቀበሌ የሚያደርሰው ሹፌር አይጠሩም። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ግን ማን አገኘ ማን ቀረ የሚለውን በተግባር የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ሹፌሩ ሌላው ሰው የማያየውን ያያል፦ መኪናው የትኛው መንደር ላይ ድንጋይ እንደሚወረወርበት፣ የትኛው ላይ ውሃ እንደሚቀርብለት ያውቃል። በእኛ ግምት ለአንድ ዙር ከ24 ሰው በላይ መያዝ አይገባም፤ ስድስት ስድስት ሆነው በአራት ቡድን ይቀመጡ፣ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንድ ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚያንቀሳቅስና አንድ ፊርማ ያለው ሰው ይኑር። አሠልጣኞቹ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ የአካባቢውን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር።

ሰዓቱንም እንቁጠር። የሦስት ቀን ሥልጠና በወረቀት ላይ 18 ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በምዝገባና በመክፈቻ ንግግር ያልፋል፤ ዓርብ ከሆነ የጸሎት ሰዓት አለ፤ በየቀኑ ከሻይ መልስ የሚሰበሰበው ግማሹ ሰው ነው፤ የሦስተኛው ቀን ከሰዓት በአበል ክፍያ፣ በምስክር ወረቀትና በመንገደኛ ጥድፊያ ያልቃል። የሚተርፈው ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ስምንት ዓይነት መሣሪያ ለማስተማር ሲሞከር አንዱም እጅ ላይ አይቀርም። አምስት ቀን ተሰጥቶ ሦስት መሣሪያ ብቻ ቢያዝ እንመርጣለን፦ የቀን መቁጠሪያው፣ የባለድርሻዎች ካርታ (በጉዳዩ ውስጥ እነማን እንዳሉና ማን ከማን ጋር እንዴት እንደሆነ የሚያሳይ)፣ የከፋፋይና የአገናኝ ነገሮች ትንተና (ሰዎችን የሚያራርቀውንና የሚያቀራርበውን መለየት)። ከአምስቱ ቀን ውስጥ ግማሽ ቀን ደግሞ ሰውን ሰብስቦ ለመጠየቅ ሳይሆን ገበያ፣ ወፍጮ ቤትና የውሃ ቦታ ቆሞ ለማየት ይዋል።

ከፋፋይና አገናኝ የሚባለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ለማስታወስ፦ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊቷ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሜሪ አንደርሰንና ባልደረቦቿ በጦርነት ቀጣና የሠሩ የእርዳታ ሠራተኞችን ልምድ አሰባስበው ያወጡት ነው፤ «ጉዳት አታድርስ» የሚለው መርህ የሚታወቀውም በዚያ ነው። ዋናው ትምህርቱ እርዳታ ገለልተኛ አይደለም የሚል ነው። ሀብት ወደ ግጭት አካባቢ ሲገባ በአምስት በር ጉዳት ያደርሳል፦ ይሰረቃል፤ የገበያውን ዋጋና ደመወዝ ያዛባል፤ ለአንዱ ወገን ያደላል፤ መንግሥት ወይም ኅብረተሰቡ ሊያወጣ ይችል የነበረውን ገንዘብ ተክቶ ለመሣሪያ መግዣ ያተርፋል፤ በመጨረሻም የምናነጋግረውንና የምናስፈርመውን ሰው ሕጋዊ ያደርገዋል። በሥልጠናዎቻችን ላይ ሦስተኛው በደንብ ይወራል፤ አምስተኛው ይረሳል። በአንድ ቀበሌ ሁለት ተቀናቃኝ የጎሳ መሪዎች ባሉበት የአንዱን ቤት የስብሰባ ቦታ ማድረግ ከስንዴው ማከፋፈል የባሰ ቁርሾ ሊያስነሳ ይችላል።

ስርቆቱም ቢሆን የኦዲት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያና ሰኔ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት የምግብ እርዳታ ያላግባብ እየተወሰደ ነው ብለው እደላውን አስቀድሞ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ ሲያቆሙ፣ ለወራት የተራበው ስንዴውን የወሰደው ሰው አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. ጥር ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን በድንገት ሲያግድ ፕሮጀክቶች ቃል የገቡትን ሳይፈጽሙ ቆሙ። መጀመር ብቻ ሳይሆን ማቆምም ትንተና የሚያስፈልገው እርምጃ ነው፤ ለግማሹ መንደር ቆርቆሮ ታድሎ ለግማሹ ሳይደርስ የወጣ ፕሮጀክት ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል። ስለ አወጣጥ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ግን በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ውስጥ የለም።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ፤ ለልምምድ የምንጠቀምበት ምሳሌ ነው። በደቡብ ቆላ፣ አርብቶ አደሮች በሚኖሩበት አካባቢ፣ ሁለት ቀበሌዎች ጎን ለጎን አሉ እንበል። በአንደኛው ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ሊቆፈር ታስቧል። ጉድጓዱ በሰከንድ 4 ሊትር ይሰጣል፣ ፓምፑ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል፤ ይህ 115,200 ሊትር ነው። 2,000 ሰው በነፍስ ወከፍ 15 ሊትር ቢጠቀም 30,000 ሊትር ይወስዳል። የሚተርፈው 85,200 ሊትር ነው፤ አንድ ከብት በቀን በአማካይ 30 ሊትር ይጠጣል ብንል ለ2,840 ከብት ይበቃል። የባለ ቀበሌው ከብት 2,000 ነው። ስለዚህ በደህናው ጊዜ ሁሉም ደስተኛ ነው፣ የምረቃው ፎቶ ያምራል። የበጋው ወራት ከረር ሲል የጎረቤቱ ቀበሌ 3,000 ከብት ይዞ ይመጣል። ለእንግዳው ያለው ቦታ ለ840 ከብት ብቻ ነው፤ 2,160 ከብት ውሃ አጥቶ ይቆማል። ጎደሎው በቀን 64,800 ሊትር ነው።

ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ ስንጽፍ ሠልጣኙ ሁሉ ዝም ይላል። «የጎሳ ግጭት» ተብሎ በሪፖርት የሚጻፈው ነገር ከጉድጓዱ መቆፈር በፊት በእርሳስ ሊሰላ ይችል ነበር። ጎደሎውንም ለመሙላት ፓምፑ በቀን አራት ሰዓት ተኩል ተጨማሪ መሥራት ይበቃዋል፤ ጉድጓዱ ያንን ያህል መቻሉ በፓምፕ ፍተሻ ከተረጋገጠ የሚያስፈልገው የሁለት ወር የነዳጅ በጀት ነው። አሁን ደግሞ መሐንዲሱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፓምፑን በፀሐይ ኃይል ብቻ ያድርገው እንበል። የሚሠራው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ 86,400 ሊትር፤ ከሰው የሚተርፈው ለ1,880 ከብት ብቻ ነው። እንግዳው ሳይመጣም የባለቤቱ ከብት አልበቃውም። ይህ የቴክኒክ ውሳኔ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ ለግጭት የቀረበው እርሱ ነው። መሐንዲሱ ሥልጠናው ላይ ይኑር የምንለው ለዚህ ነው።

ስሌቱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የአጠቃቀም ሥርዓቱ ነው። በቦረና «ቱላ» በሚባሉት ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የማጠጫ ተራው በዘፈቀደ አይሄድም፤ ተራውን የሚያስተዳድር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኃላፊ አለ፣ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ይታወቃል፤ በድርቅ ጊዜ ከብት በየሦስተኛው ቀን እየጠጣ ወረፋው ይቀልላል። አዲሱ ጉድጓድ ሲመጣ ግን ሰባት አባላት ያሉት የውሃ ኮሚቴ በቀበሌ ይመረጣል፣ ፓምፕ ኦፕሬተር ይቀጠራል፣ ዋጋ ይተመናል። ኮሚቴው የአንድ ቀበሌ ነው። ከትናንት ወዲያ በዘመድና በተራ ይጠጣ የነበረው ጎረቤት ዛሬ የሰው ንብረት ለማኝ ሆነ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ መመሪያው «ኮሚቴው ከቀበሌው ነዋሪ ይመረጥ» ስለሚል ብቻ ነው።

በክልሎች ወሰን አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ከ400 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ከተካሄደ ወዲህ፣ ጉድጓዱ፣ ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱ በየትኛው ወረዳ በጀት ተሠራ የሚለው የይገባኛል ማስረጃ ሆኖ ይታያል። የጉድጓዱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የቀበሌ ስም ለሚያነበው ሰው የወሰን ምልክት ነው። አንድ ሜትር በማትሞላ ቆርቆሮ ላይ የሚጻፈውን ስም ማን እንደሚያጸድቅ ግን በየትኛውም የሥራ ዕቅድ ውስጥ አይገኝም።

ታዲያ ቡድኖቹ መፍትሔ እንዲያወጡ ሲጠየቁ ዘወትር የሚመጣው የመጀመሪያው ሐሳብ «ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጉድጓድ ይቆፈር» የሚል ነው። ፍትሐዊ ይመስላል። እዚህ ላይ አሠልጣኙ ዝም ብሎ እንዳያልፍ እንለምናለን። ሁለቱ ማኅበረሰቦች በሳምንት የሚገናኙበት ቦታ ያ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ጉድጓድ መቆፈር ማለት አገናኙን በበጀት ማፍረስ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ሁለተኛው ጉድጓድ በበጋ ግጦሽ መሐል ካረፈ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይሰፍርና ለበጋ የተጠበቀው ሣር በሰኔ ያልቃል። የተሻሉት አማራጮች ትንንሽ ናቸው፦ የከብት ገንዳው ሁለት ሆኖ በተለያየ አቅጣጫ ይሠራ፣ ሁለት መንጋ በአንድ በር እንዳይጋፋ፤ ተራው በነባሩ ሥርዓት ይያዝ፣ ኮሚቴው ሒሳቡንና ጥገናውን ይያዝ፤ ኦፕሬተር ከአንዱ ቀበሌ፣ ገንዘብ ሰብሳቢ ከሌላው ይሁን፤ የቀን ሠራተኛ ቁፋሮው ሲጀመር ከሁለቱም በእኩል ይቀጠር፤ የፓምፕ ፍተሻው ውጤት በሁለቱም ቀበሌ ሰው ፊት ይነገር፣ ውሃ ተደብቋል የሚለው ወሬ ሥር እንዳይሰድ፤ ሰሌዳው ላይ የቦታው ጥንታዊ መጠሪያ ብቻ ይጻፍ። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው ገንዳው ብቻ ነው። ሁሉም ግን የውል ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት መወሰን አለባቸው፤ ተቋራጩ ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ ሥልጠና ለዚያ ፕሮጀክት አይጠቅምም።

ስለ አገናኞች ሌላ የምንለው አለ። በየሥልጠናው «ሽምግልና» ያለ ጥያቄ አገናኝ በሚለው ዓምድ ውስጥ ይጻፋል። ሽምግልናን እናከብራለን፤ ለዚያም ነው በጥንቃቄ ይታይ የምንለው። ሽማግሌው የሚደመጠው ለማንም ስለማይወግን ነው። መንግሥትም ድርጅትም በየስብሰባው እየጠራ አበል ሲከፍለው፣ ወጣቱ «የአበል ሽማግሌ» ማለት ሲጀምር፣ የነበረው ክብር ይሸረሸራል፤ አገናኙን ያደከምነው እኛው ነን ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት፦ ያለፉት ሦስት ዕርቆች ጸንተዋል ወይ? ካሳው ተከፍሏል ወይ? ጠመንጃ የያዘው ወጣት እዚያ ነበር ወይ? ሴቶቹስ ውሳኔውን የሰሙት ከማን ነው? መልሱ ደካማ ከሆነ ሽምግልናው ይደገፍ እንጂ ፕሮጀክቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። የአገናኞቹ ዓምድ ውስጥ ወፍጮ ቤት፣ የቅዳሜ ገበያ፣ ዕቁብ፣ የጋራ ጸበል፣ ከብት አዋዋይ ደላላ፣ በጋብቻ ተሻግረው የሄዱ ሴቶች ይግቡ። እነዚህ ሴቶች በሁለቱም ወገን ቤት ውስጥ የሚነገረውን ይሰማሉ፤ ነገር ሲሻክር አስቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ወንዶች በሌሉበት፣ በሴት አሠልጣኝ፣ ለብቻቸው አንድ ሰዓት ካልተሰጣቸው ግን አንድም ነገር አይናገሩም።

ቅድመ ማስጠንቀቂያንም በተመለከተ ከውጭ ብቻ መማር የለብንም። ኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓቱን በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሲያቋቁም ማዕከሉን አዲስ አበባ አድርጎ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ጀምሯል፤ ብዙ የተማርንበት ነው። አፋሮች ግን ከዚያ በፊት «ዳጉ» አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዝናቡ የት ዘነበ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ማን ወዴት ሄደ፣ ምን እንግዳ ነገር ታየ። ያየውንና የሰማውን መለየት፣ ከማን እንደሰማ መናገር ግዴታው ነው። ይህ ማንኛውም የግጭት ተንታኝ ሊማረው የሚገባ ሥርዓት ነው። በሥልጠና ላይ ሠልጣኞች መረጃ ሲያቀርቡ «አይቻለሁ»፣ «ካየው ሰው ሰምቻለሁ»፣ «ይወራል» ብለው ለይተው እንዲናገሩ ማስገደድ፣ ብዙ አመላካቾች ካሉበት ቅጽ ይልቅ ትንተናውን ያጠራዋል።

ሲቪል የቀውስ አያያዝ (ቀውስን በወታደር ሳይሆን በፖሊስ፣ በሕግና በአስተዳደር ባለሙያ መያዝ) የሚባለው ዘርፍ በሌላው ዓለም ራሱን ችሎ ከቆመ ቆይቷል። የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች በሰኔ 2000 (እ.ኤ.አ.) በፖርቱጋል ፌይራ ላይ ፖሊስን፣ የሕግ የበላይነትን፣ ሲቪል አስተዳደርንና የሲቪል ጥበቃን (በአደጋ ጊዜ ሕዝብን መታደግን) አራቱ ቅድሚያ የሚሰጣቸው መስኮች ብለው ለይተዋል፤ ባለሙያዎቻቸውን ከማሰማራታቸው በፊት የሚያሠለጥኑባቸው ማዕከላትም አሏቸው። የአፍሪካ ተጠባባቂ ኃይልም ከወታደሩና ከፖሊሱ ሌላ ሲቪል ክፍል አለው። አገራችን በሰላም አስከባሪ ወታደር ስሟ የታወቀ ነው፤ ለሲቪሉ ወገን ግን ያንን ያህል አልደከምንም። ለወታደሩ ከመሰማራቱ በፊት ሥልጠና ግዴታ ከሆነ፣ ግጭት ወዳለበት ወረዳ ለሚሄደው የውሃ መሐንዲስና የእርዳታ አስተባባሪ ግዴታ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ስላለው ሥራ በግልጽ እንጠይቃለን። ጥሪው ከሥልጠናው ሁለት ሳምንት በፊት ይላክ፤ እያንዳንዱ ወረዳ ውሉ ገና ያልተዘጋ አንድ ፕሮጀክት ይዞ ይምጣ፣ ከነግዥ ዕቅዱ፣ ከነተጠቃሚ መስፈርቱ፣ ከነቦታ ካርታው። በአምስተኛው ቀን የሚፈረመው አንድ ገጽ ይሁን፦ የምንለውጠው ውሳኔ፣ የሚለውጠው ሰው፣ ቀኑ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለመዝጊያ ንግግር ከሚመጣ ያንን ገጽ ሊፈርም ይምጣ። ከ45 ቀን በኋላ አሠልጣኙ ወረዳው ድረስ ሄዶ ገጹን ይዞ ይጠይቅ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና። ገንዘብ ሰጪዎች ደግሞ ለማስተካከያ የሚሆን ከፕሮጀክቱ በጀት 5 በመቶ ያህል ሳይቆለፍ ይተዉልን፤ ትንተናው ሁለተኛ ገንዳ ያስፈልጋል ብሎ ሲመጣ «በበጀቱ የለም» የሚለው መልስ የሠልጣኙን ተስፋ ይቆርጣል፣ ሁለተኛ አይመጣም። የሥልጠናው ውጤትም ከሥልጠና በፊትና በኋላ በሚሞላ የፈተና ወረቀት አይመዘን። ስንት ውሳኔ ተለወጠ ተብሎ ይቆጠር።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶናል፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነው። የባለድርሻዎች ካርታ ሲሠራ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ መሣሪያ ማን እንደሚያቀርብ፣ ማን ከጀርባ እንዳለ ፍሊፕ ቻርት ላይ ይጻፋል። ከዚያ አንዱ ሠልጣኝ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልከዋል፤ ወይም ወረቀቱ አዳራሹ ውስጥ ተረስቶ የፅዳት ሠራተኛ ያገኘዋል። በትንሽ ከተማ ማን ምን እንደተናገረ በማግስቱ ይታወቃል። ስለዚህ የሰው ስም በፍጹም አይጻፍ፤ ሚና ብቻ ይጻፍ፣ እርሱም በቁጥር። ቁልፉ አንድ ወረቀት ላይ በአሠልጣኙ እጅ ይሁን፣ በመጨረሻው ቀን በሠልጣኞቹ ፊት ይቀደድ። በየቀኑ ማታ ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ ይነሳ። የመጨረሻው ሰነድ ማን ጋ እንደሚቀመጥ በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ይነገር፤ የሚነገረው መረጃ ወደ ጸጥታ መዋቅር ሪፖርት የሚሄድ ከሆነ ሠልጣኙ አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ጠዋት ላይ ስልኮች በቅርጫት ይሰብሰቡ፤ ሠልጣኞች መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ምክንያቱ ሲነገራቸው ግን ይስማማሉ።

ለጋዜጣችሁም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ልመና አለን። ስለ እንዲህ ያለ ሥልጠና ስትዘግቡ ሠልጣኞቹን «የትኛውን ውሳኔ ልትለውጡ ነው?» ብላችሁ ጠይቁልን፤ ከስድስት ወር በኋላም ደውላችሁ ያንኑ ጠይቁ። ዘገባውን የሚያጅበው ፎቶ ደግሞ ጽሑፉ የሚነበብ ፍሊፕ ቻርት የሚታይበት እንዳይሆን ለፎቶ አንሺዎቻችሁ ንገሩልን። ከኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ሲጎላ ይነበባል፤ ሚናው ብቻ ተጽፎም ቢሆን፣ የወረዳው ሰው ማን እንደሆነ ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

በግጭት ትንተና ሥልጠና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ